በአንድ ሰው አቪዮስ ሁለት ሰው፦ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አሜክስ ቫውቸርን እንዴት እንጠቀምበት

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ሰዎች ይሄን ወሬ ሳትሰሙት አትቀሩም፣ "ካርዱን አውጣ፣ አንተ ከፍለህ ሚስትህ በነጻ ትሄዳለች" የሚባለውን። ካርዱ የሚባለው የብሪቲሽ ኤርዌይስ አሜሪካን ኤክስፕረስ (ባጭሩ አሜክስ) ክሬዲት ካርድ ነው። ወሬው ውሸት አይደለም ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚወራው። ቀሪው ግማሽ ስለማይወራ ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ ካርድ ሲያስነካ ከርሞ ቫውቸሩን ያገኝና ወንበር ሲፈልግ ያጣል፣ ወይ ደግሞ አካውንቱ ውስጥ ተቀምጦ ጊዜው ያልፍበታል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም በአግባቡ ከተጠቀሙበት በጣም ጥሩ ነገር ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ጉዞውን ወስኑ፣ ካርዱ ከዛ በኋላ ይመጣል። የት፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ወር፣ እነዚህን ካወቃችሁ ወደኋላ እየቆጠራችሁ ሁሉንም ነገር ማስተካከል ይቻላል፣ ካላወቃችሁ ግን ካርዱን ባታወጡት ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ አቪዮስ የሚባል ነጥብ አለው። በአቪዮስ ቲኬት ስትቆርጡ ሪዋርድ ፍላይት ይባላል። በካርዱ የተወሰነ ገንዘብ ስትገበያዩ የሚሰጣችሁ ቫውቸር ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ሰው አቪዮስ እንዲሄድ ያደርጋል። ታክሱንና አየር መንገዱ የሚጨምረውን ክፍያ ግን ለሁለታችሁም በገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚደነግጠው፣ "ነጻ አልተባለም እንዴ" ይላል። ነጻ የሚሆነው የሁለተኛው ሰው አቪዮስ ብቻ ነው። ብቻችሁን ከሆነ የምትሄዱትም ቫውቸሩ ይሰራል፣ ከአቪዮሱ ግማሹን ይቀንስላችኋል።

አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት ጥያቄ፣ አዲስ አበባስ? ብሪቲሽ ኤርዌይስ አዲስ አበባ አይበርም። በአቪዮስ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ላይ መቁረጥም አይቻልም፣ ምክንያቱም የኛ አየር መንገድ ከ2011 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ነው፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስ ደግሞ ዋንወርልድ የሚባለው ሌላ ኅብረት ውስጥ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። ኳታር ኤርዌይስ ራሱ አቪዮስ ነው የሚጠቀመው፣ በዶሃ በኩል አዲስ አበባ ያደርሳችኋል፣ ግን ያ በሙሉ አቪዮስ ነው፣ ቫውቸሩ እዛ ላይ አይሰራም። ቫውቸሩ የሚሰራው በብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ በአይቤሪያና በኤር ሊንገስ በረራዎች ብቻ ነው። ናይሮቢ ድረስ በቫውቸር ሄዶ ከዛ የኢትዮጵያን ቲኬት ለብቻ መግዛት የሚችል ሰው አለ፣ ከናይሮቢ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ግን ሁለቱ ቲኬቶች የተለያዩ ስለሆኑ የመጀመሪያው አርፍዶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኪሳራው የናንተ ነው፣ ሻንጣ ለማውጣት ወደ ውጭ ከወጣችሁም የኬንያን የመግቢያ ፈቃድ ቀድማችሁ ማየት አለባችሁ፣ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው እኔ አልመክርም።

ታዲያ ለኛ ሰው ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ዋሽንግተን። ለንደን ያለ ሀበሻ ግማሹ ዘመዱ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው ያለው፣ ሰርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶም አለ (ለቅሶ ቀን ስለማይሰጥ ቫውቸር ለሱ አይሆንም)። ከሄትሮው ዱለስ ቀጥታ በረራ አለ፣ ሰርግ ደግሞ ከዓመት በፊት ነው ቀኑ የሚቆረጠው፣ ስለዚህ ለቫውቸር እንደ ሰርግ የሚመች ነገር የለም። በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ የሚደረገው የሰሜን አሜሪካው የኳስ በዓልም ጥሩ ነው፣ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በዛ ወር መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከነሐሴ ይልቅ ወንበር ማግኘት ይቀላል፣ ከተማው በየዓመቱ ስለሚቀያየር ግን ቀድማችሁ አጣሩ።

እሺ ካርዱ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዓመት ክፍያ የለውም፣ ሁለተኛው ፕሪሚየም ፕላስ የሚባለው በዓመት 300 ፓውንድ ነው። ሁለቱም ላይ ቫውቸር ለማግኘት በአንድ የካርድ ዓመት 15,000 ፓውንድ ማውጣት ያስፈልጋል፣ በወር ስታካፍሉት 1,250 ፓውንድ ማለት ነው። ቁጥሮቹን በየጊዜው ይቀያይሯቸዋል፣ ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት የአሜክስን ገጽ እዩ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ የነጻው ካርድ ቫውቸር ለአንድ ዓመት ብቻ ያገለግላል፣ እሱም ለኢኮኖሚ ብቻ። የፕሪሚየም ፕላሱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፣ በየትኛውም ክላስ ይሰራል፣ በዛ ላይ በቫውቸሩ ለሚቆርጡ ብቻ የሚከፈቱ ተጨማሪ የቢዝነስ ወንበሮች ታገኛላችሁ። አቪዮሱም ይለያያል፣ ነጻው በአንድ ፓውንድ 1 ይሰጣል፣ ፕሪሚየሙ 1.5።

የኔ አስተያየት ግልጽ ነው፣ በኢኮኖሚ ለመሄድ ከሆነ 300 ፓውንድ አትክፈሉ። የኢኮኖሚ ቲኬት ቅናሽ ሲወጣ በጥሬ ገንዘብ መግዛቱ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ምክንያቱም በአቪዮስ ስትቆርጡም የሁለት ሰው ታክስና ክፍያ በገንዘብ ትከፍላላችሁ። የቫውቸሩ ጉልበት ያለው ቢዝነስ ክላስ ላይ ነው። እናቱ ወይ አባቱ እግራቸውን ዘርግተው እንዲሄዱ የሚፈልግ ልጅ፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት ያለችው ሰው፣ እንዲህ ላለው ነው የሚገባው። ከካርዱ ባለቤት ጋር የሚሄደው ሰው ማንም ቢሆን ይቻላል፣ ባል ሚስት መሆን አያስፈልግም፣ የአባት ስማችሁ መለያየቱም ምንም ችግር የለውም። አንድ ነገር ብቻ፣ የካርዱ ባለቤት ራሱ ከተጓዦቹ አንዱ መሆን አለበት። እናትና አባትን ብቻ ልላክ ማለት አይሰራም፣ ከአንዳቸው ጋር እናንተ ናችሁ የምትሄዱት።

ስለ 15,000 ፓውንድ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። የካርዱ ወለድ በጣም ከባድ ነው። የወሩን ሂሳብ ሙሉ በሙሉ በዳይሬክት ዴቢት እንዲቆረጥ አድርጉ፣ ካርዱ የመጣላችሁ ቀን ነው ይሄን ማድረግ። ሙሉውን መክፈል የማትችሉበት ወር ሊኖር ይችላል ብላችሁ የምትጠራጠሩ ከሆነ ይሄ ነገር ይቅርባችሁ፣ ከልቤ ነው የምላችሁ፣ የጥቂት ወር ወለድ የቫውቸሩን ጥቅም ጠርጎ ይበላዋል። ለቫውቸር ብሎ የማያስፈልግ ዕቃ መግዛትም እንደዛው። መሆን ያለበት በዴቢት ካርድ ታወጡት የነበረውን ወጪ ወደዚህ ካርድ ማዞር ነው፣ ቴስኮ፣ ሴንስበሪ፣ ሊድል፣ ነዳጅ፣ የባቡርና የባስ፣ የመኪና ኢንሹራንስ። ኡበር የሚነዱ ልጆች ነዳጅና ኢንሹራንሱ ብቻ ትልቁን ድርሻ ይይዝላቸዋል። የሰፈራችን የእንጀራና የበርበሬ ሱቆች አብዛኞቹ አሜክስ አይቀበሉም፣ የቤት ኪራይም እንደዛው ነው፣ ስለዚህ 15,000 የሚለውን ከጠቅላላ ወጪያችሁ ሳይሆን አሜክስ ከሚቀበሉ ቦታዎች ወጪ ላይ ነው ማስላት።

ለቤተሰብ ተጨማሪ ካርድ ማውጣት ይቻላል፣ የነሱም ወጪ አንድ ላይ ነው የሚቆጠረው። ከኤቲኤም ገንዘብ ማውጣት፣ ወለድና የካርድ ክፍያ አይቆጠሩም፣ የመለሳችሁት ዕቃም ይቀነሳል። በዶላር ወይም በሌላ አገር ገንዘብ የሚከፈል ነገር ላይ 2.99 በመቶ ይጨምራል፣ ስለዚህ ውጭ አገር ስትሄዱ ይሄን ካርድ ቤት ተዉት። እና ደግሞ ዓመቱ ከጥር እስከ ታህሳስ አይደለም፣ ካርዱ ከተፈቀደላችሁ ቀን ነው የሚጀምረው፣ ቀኑ ሲሞላ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። 14,700 ላይ ደርሶ ቀኑ ያለፈበት ሰው ምንም አያገኝም። ቀኑን ስልካችሁ ላይ አስገቡት።

አሁን ሰው የሚረሳው ነገር፣ አቪዮስ። ቫውቸሩን ስላገኛችሁ አትሄዱም፣ የአንድ ሰው ሙሉ አቪዮስ ሊኖራችሁ ይገባል። ፕሪሚየም ፕላስ ላይ 15,000 ፓውንድ ስታወጡ የምታገኙት 22,500 አቪዮስ ነው፣ ይሄ አሜሪካ በቢዝነስ ደርሶ መልስ አይነካም። ካርዱን ስታወጡ የሚሰጠው የመጀመሪያ ቦነስ ይረዳል። ከሴንስበሪ የሚገኘው ኔክታር ነጥብም ወደ አቪዮስ ይቀየራል፣ 400 ኔክታር 250 አቪዮስ ይሆናል። ከዛ ደግሞ ሃውስሆልድ አካውንት የሚባል አለ፣ አንድ አድራሻ የሚኖሩ ቤተሰቦች እስከ 7 ሰው ድረስ አቪዮሳቸውን አንድ ላይ የሚያደርጉበት፣ ባልም ሚስትም የደረሱ ልጆችም የየራሳቸው ትንሽ ትንሽ ካላቸው እዚህ ተደምሮ ቁም ነገር ይሆናል። ግን ይሄን ከከፈታችሁ አቪዮሱን የምትጠቀሙት ለቤተሰቡ አባላትና በዝርዝር ላስመዘገባችኋቸው ወዳጆች ብቻ ነው፣ ስለዚህ አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ከቤት ውጭ ከሆነ ቀድማችሁ አስመዝግቡት፣ ወንበር የሚከፈትበት ሌሊት ላይ ስም ስታስገቡ እንዳትቸገሩ። አቪዮስ 36 ወር ምንም ካልነካችሁት ይጠፋል፣ ካርዱን የምትጠቀሙ ከሆነ ግን በየወሩ ስለሚገባ አያሳስብም።

ወንበር መያዙ ላይ እንምጣ፣ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ሪዋርድ ወንበር የሚከፍተው ከበረራው 355 ቀን በፊት ነው፣ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ላይ። ክረምት ላይ ለንደን ሰዓቱም እኩለ ሌሊት ነው፣ በጋ ላይ ሰዓት ስለሚቀየር በእንግሊዝ አቆጣጠር ከሌሊቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ረጅም በረራ ላይ ቢያንስ 8 የኢኮኖሚ፣ 2 የፕሪሚየም ኢኮኖሚና 4 የቢዝነስ ወንበር እንደሚከፍቱ ቃል ገብተዋል፣ ፈርስት ክላስ ላይ ቃል የለም። ተፈላጊ በሆነ መስመር እነዚህ 4 የቢዝነስ ወንበሮች ወዲያው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ከሰዓታት በኋላ ጠዋት ተነስታችሁ ብታዩ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ለትምህርት ቤት እረፍት፣ ለፈረንጅ ገና፣ ለነሐሴ የምትፈልጉ ከሆነ ሌሊት መንቃት ነው። ለሌላ ጊዜ ግን ያን ያህል አይደለም፣ የኛ በዓላት ደግሞ እዚህ ላይ ይረዱናል። የኛ ገና የፈረንጆቹ ግርግር ካለፈ በኋላ ነው የሚውለው፣ እንቁጣጣሽም የእንግሊዝ ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ቀኖቹን ውድና ርካሽ ብሎ የሚከፍል ካላንደር ያወጣል፣ በርካሹ ቀን የሚያስፈልገው አቪዮስ ያንሳል፣ እሱን ከፍታችሁ ከበዓላችን ጋር አስተያዩት።

አካውንታችሁ ውስጥ ስትገቡ በአቪዮስ ቡክ የሚደረግበት ገጽ አለ፣ እዛ ላይ መነሻና መድረሻውን፣ የሰው ቁጥር 2 ብላችሁ፣ ቫውቸር የሚለውን ቦታ ላይ የናንተን ቫውቸር መርጣችሁ ፈልጉ። ቫውቸሩን ሳትመርጡ ከፈለጋችሁ ለቫውቸር ብቻ የሚከፈቱት ተጨማሪ ወንበሮች አይታዩም፣ ወንበር የለም ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ውጤቱ ሲመጣ በረራውን የሚያበረው ማን እንደሆነ እዩ፣ አሜሪካ መስመር ላይ በብሪቲሽ ኤርዌይስ ቁጥር የሚሸጥ የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ አለ፣ እሱ ላይ ቫውቸሩ አይሰራም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት አቪዮሱ የአንድ ሰው፣ ገንዘቡ የሁለት ሰው መሆኑን አረጋግጡ፣ አቪዮሱ የሁለት ሰው ከሆነ ቫውቸሩ አልገባም ማለት ነው፣ ወደኋላ ተመለሱ። ክፍያው በራሳችሁ ስም ባለ አሜክስ ካርድ ነው።

እዚሁ ገጽ ላይ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነገር አለ። ለአንዱ በረራ የተለያዩ የአቪዮስና የገንዘብ አማራጮች ይመጣሉ፣ አቪዮስ ጨምሮ ገንዘብ መቀነስ ወይም በተቃራኒው። ቫውቸር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ አቪዮስ የሚበዛበትንና ገንዘብ የሚያንስበትን ቢመርጥ ይሻለዋል። ለምሳሌ ያህል፣ ቁጥሩ የምሳሌ ነው፣ አንዱ አማራጭ ለአንድ ሰው 100,000 አቪዮስና 400 ፓውንድ ቢሆን፣ ሌላው 120,000 አቪዮስና 250 ፓውንድ ቢሆን። ያለ ቫውቸር ሁለት ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ 40,000 አቪዮስ ጨምሮ 300 ፓውንድ ይተርፈዋል። በቫውቸር ግን አቪዮሱን የምትጨምሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ 20,000፣ ገንዘቡ ግን ለሁለታችሁም ይቀንሳል፣ ያው 300 ፓውንድ። በግማሽ አቪዮስ ተመሳሳይ ገንዘብ ተረፈ ማለት ነው። አቪዮሱ ካላችሁ ይሄን አትለፉት።

ታክሱን በተመለከተ፣ ከእንግሊዝ በአውሮፕላን ስትወጡ መንግሥት የሚያስከፍለው የመንገደኛ ታክስ አለ፣ ረጅም በረራ ላይ ቢዝነስ ከኢኮኖሚ ከእጥፍ በላይ ነው። ኢኮኖሚ ላይ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉትም፣ ቢዝነስ ላይ ግን ልጁም ይከፍላል። ቫውቸሩ ጉዞው ከእንግሊዝ እንዲጀምር አያስገድድም፣ ስለዚህ ከደብሊን የሚነሱ አሉ፣ ኤር ሊንገስም ከደብሊን ዋሽንግተን ይበራል። ግን ደብሊን ለመድረስ የሚወጣውን ገንዘብና ድካም ጨምራችሁ አስሉት፣ ለሁለት ሰው ሻንጣ ይዞ ሁልጊዜ አያዋጣም።

የመልሱ ጉዳይ ደግሞ አለ። መሄጃው በተከፈተ ሌሊት መመለሻው ገና አልተከፈተም፣ ሁለት ሳምንት የምትቆዩ ከሆነ መመለሻው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚከፈተው። ሁለቱም እስኪከፈቱ የሚጠብቅ ሰው መሄጃውን ያጣል። የሚደረገው እንዲህ ነው፣ መሄጃውን ብቻ ዋን ወይ አድርጋችሁ በቫውቸሩ ቁረጡ፣ ከዛ መመለሻው ሲከፈት ስልክ ደውላችሁ በዛው ቫውቸር መመለሻውን እንዲጨምሩላችሁ ንገሯቸው። ስትደውሉ የቡኪንጉን ቁጥር፣ የምትፈልጉትን የበረራ ቁጥርና ቀን ይዛችሁ ነው፣ ሁለተኛ ምርጫ ቀንም አዘጋጁ፣ ምክንያቱም ስልክ እስኪነሳ ድረስ ወንበሩ ሊሄድ ይችላል። መመለሻውን ራሳችሁ ለብቻው አትቁረጡት፣ የሁለት ሰው አቪዮስ ነው የሚወስደው።

የቫውቸሩን ማለቂያ ቀን ሰው የሚሳሳተው "እስከዛ ቀን ቡክ ማድረግ" እየመሰለው ነው። አይደለም፣ የመሄጃው በረራ ከዛ ቀን በፊት መብረር አለበት፣ መመለሻው ከዛ በኋላ ቢሆን ችግር የለም። የሁለት ዓመት ቫውቸር ያለው ሰው ሁለት የሰርግ ወቅት አለው፣ የአንድ ዓመቱ ግን ከ355 ቀን ጋር ሲታይ በጣም ጠባብ ነው፣ ቫውቸሩ እንደገባ ነው መፈለግ ያለባችሁ። ለዛ ነው ቀኑን አስቀድማችሁ ወስኑ ያልኩት፣ የሰርጉ ቀን ከታወቀ 15,000ው በየትኛው ወር መሙላት እንዳለበትም ይታወቃል፣ ከሰርጉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቫውቸሩ እጃችሁ ላይ ሊኖር ይገባል።

ሐሳብ ብትቀይሩ ወይ ሰርጉ ቢራዘም እስከ በረራው 24 ሰዓት በፊት ካንሰል ማድረግ ይቻላል፣ በሰው 35 ፓውንድ ይቆርጣሉ፣ አቪዮሱ፣ ታክሱና ቫውቸሩ ይመለሳሉ። የቫውቸሩ ማለቂያ ቀን ግን አይራዘምም፣ በፊት የነበረው ነው። ይሄ በተለይ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄዱና የአሜሪካ ቪዛ ለሚጠብቁ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፣ ቪዛው እስኪመጣ ጠብቆ ወንበር ከማጣት ይልቅ አሁን መያዝና ካልተሳካ 35 ፓውንዱን ከፍሎ መተው ይቻላል። አየር መንገዱ ራሱ ሰዓት ቢቀይርባችሁ ወይ በረራውን ቢሰርዝ ደግሞ ኢሜይሉ ላይ ያለውን ካንሰል የሚል ቁልፍ ቶሎ አትጫኑ፣ መጀመሪያ ደውላችሁ በሌላ ቀን ወይም በሌላ በረራ እንዲያዛውሯችሁ ጠይቁ።